ሦስት ቀን ለመጣ እንግዳ ናይሮቢን እንዴት እናሳየው?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለምንኖርበት ከተማ አንድ ነገር ተናገር» ሲለኝ ለዚህ የተማረ ሰው ይሻላል ብዬ ነበር። ሆኖም ባለሱቅ የሚሰማውን ጥያቄ ምሁር አይሰማውም። በርበሬና ሽሮ ሊገዛ የሚገባው ወገን፣ በተለይ በበዓልና በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን፣ ሒሳቡን እየከፈለ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ከአገር ቤት እንግዳ መጥቶብናል፤ የሚቆየው ሦስት ቀን ነው፤ የት እንውሰደው? ምን እናብላው?» ይለኛል። ዛሬ መልሱን ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልስጥ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል። እኛ ብዙዎቻችን በወርቁ ቀን እንግዳውን ምን እናደርገዋለን? ዶሮ ወጥ እንሠራለን፣ ቡና እናፈላለን፣ ሶፋ ላይ አስቀምጠን የኢትዮጵያን ቴሌቪዥን እንከፍትለታለን። በነጋታው እኛ ወደ ሥራ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ እንግዳው ብቻውን ቤት ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ሻንጣ ይታሰራል። አዲስ አበባ ሲደርስ «ናይሮቢ እንዴት ናት?» ቢሉት «ቤታቸው ጥሩ ነው» ብሎ ይመልሳል። ዶሮ ወጡንም ቡናውንም ቴሌቪዥኑንም እኮ አገሩ ትቶት ነው የመጣው!

እንግዳ ስል በተለይ አያቶችን ማለቴ ነው። ለሕክምና ወይም የልጅ ልጅ ለማየት አንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ሁለተኛ የመምጣታቸውን ነገር የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ሁላችንም እንደምናውቀው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው የሚያወሩት። ሶፋ ላይ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ሰላምታውና መሳሳሙ ካለቀ በኋላ ወሬ ይጠፋል። ልጁ ወደ ስልኩ፣ አያት ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለሳሉ። ውጭ ይዛችኋቸው ስትወጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጁ በጣቱ ያሳያል፣ አያት በአማርኛ ስሙን ይጠሩለታል። ቀጭኔ ሲያዩ ለመደነቅ ሰዋስው አያስፈልግም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፣ አስጎብኚው ልጁ ይሁን የሚል ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላል ያገራችን ሰው። መንገዱን የሚያውቀው፣ ከሾፌሩና ከቲኬት ሻጩ ጋር የሚግባባው እሱ ነው። እናንተ ገንዘቡንና ምሳውን ያዙ፣ ከፊት እሱ ይሂድ። ልጆቻችን አገር ቤት ሲሄዱ ሁልጊዜ ተማሪዎች ናቸው፤ «ይህን አታውቅም? ያን አትችልም?» ይባላሉ። እዚህ ግን አስተማሪዎች መሆን ይችላሉ።

ለአያት የሚያስተምሩትም አላቸው። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ነው። እንግሊዝኛው ናይን ኦክሎክ የሚለውን እኛ ሦስት ሰዓት እንላለን፤ ስዋሂሊም «ሳ ታቱ»፣ ሦስት ሰዓት ነው የሚለው። አያት ይህን ሲሰሙ አገሩ ወዲያው ይቀርባቸዋል። በቁጥር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በስዋሂሊ «ሳባ» ማለት ሰባት እንጂ ሰባ አይደለም። «ኤልፉ» ደግሞ አንድ ሺህ ነው፤ የእኛ እልፍ ግን አሥር ሺህ ነው። ገበያ ላይ ይህን ያላወቀ እንግዳ ይደነግጣል።

እንግዲህ ወደ ጉብኝቱ እንግባ። በቀን ከሁለት ወይም ከሦስት ቦታ በላይ አታስቡ። የዚህን ከተማ የመኪና መጨናነቅ ታውቁታላችሁ፤ አምስት ቦታ ያቀደ ሰው መንገድ ላይ ይውላል።

የመጀመሪያው ቀን ለመሃል ከተማ ይሁን። ከባቡር ሙዚየሙ ጀምሩ። ድሬዳዋን የሚያውቅ እንግዳ ናይሮቢን ቶሎ ይረዳታል፤ ሁለቱም የባቡር ልጆች ናቸው። ድሬዳዋ በ1902 የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ ተቆረቆረች። ናይሮቢም በ1899 ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ የሚሄደው ሐዲድ ሲዘረጋ የሠራተኞች ሰፈርና የዕቃ ማከማቻ ሆና ተመሠረተች። ስሟ ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። በ1886 ከተቆረቆረችው ከአዲስ አበባችን በአሥራ ሦስት ዓመት ታንሳለች ማለት ነው። ሙዚየሙ በ1971 የተከፈተ ሲሆን፣ ግቢው ውስጥ አሮጌ ባቡሮች ተደርድረዋል። ከነሱ መካከል አንድ ፉርጎ አለ። በ1900 ኪማ በተባለ ጣቢያ፣ አንበሳ ሊገድል ሌሊት አድፍጦ የነበረ ራያል የተባለ የፖሊስ መኮንን እንቅልፍ ጥሎት አንበሳው ራሱ ጎትቶ ያወጣው ከዚህ ፉርጎ ውስጥ ነው። ልጆች ይህን ታሪክ ለአያት ለመተረክ አይቸገሩም፤ በእጅና በፊት ብቻ ይተረካል።

ከዚያ ጥቂት ተራምዳችሁ የሞይ ጎዳና ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ትደርሳላችሁ። አዎ፣ በንጉሠ ነገሥታችን ስም የተሰየመው ትልቁ ጎዳና ነው። በኪሊማኒ ሰፈርም የምኒልክ መንገድ አለ። በአዲስ አበባ ደግሞ በጆሞ ኬንያታ ስም የሚጠራ መንገድ አለን። እንግዳችሁን የመንገዱ ሰሌዳ ሥር አቁማችሁ ፎቶ አንሱት፤ አገር ቤት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እሱን ይሆናል። እዚያው ማዕዘን ላይ የነሐሴ 7 መታሰቢያ መናፈሻ አለ። በ1998 የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ሲመታ በናይሮቢ 213 ሰዎች ሞቱ፤ ስማቸው በግድግዳ ላይ ተጽፏል። ገብታችሁ ለጥቂት ጊዜ በጸጥታ ተቀመጡ። የሰው አገር ደስታ ብቻ አይደለም የሚጎበኘው፤ ሐዘኑንም ማወቅ የጎረቤት ወግ ነው።

ቀጥሎ የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ አዳራሽ ነው። በ1973 የተጠናቀቀ ባለ 28 ፎቅ ሕንጻ ነው። ጎብኚ ወደ ጣሪያው የሚወጣበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከላይ ሆኖ ከተማውን በሙሉ ማየት ይቻላል። ልጁ ከዚያ ላይ ቆሞ «ትምህርት ቤቴ በዚያ በኩል ነው» ብሎ ለአያቱ ያሳይ። ሲመለሱ ሲቲ ማርኬትን፣ አጠገቡ ያለውን የጃሚያ መስጊድንና የጂቫንጂን አትክልት ቦታ እዩ። ይህን የአትክልት ቦታ በ1906 ለከተማው ሕዝብ የሰጠው ጂቫንጂ የሚባል ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ነጋዴ ሲሞት ሱቁ ይዘጋል፤ የሰጠው ዛፍ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ጥላ እየሰጠ ነው። ይህን ለራሴና ለሙያ ጓደኞቼ ነው የምናገረው።

ሁለተኛው ቀን ለብሔራዊ ሙዚየሙ ይሁን። ግቢው ውስጥ አህመድ የተባለው ዝሆን ምስል ቆሟል። አህመድ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የማርሳቢት ዝሆን ነበር። ጥርሱ እጅግ ረጅም ስለነበር አዳኝ እንዳይገድለው ፕሬዚዳንት ኬንያታ በ1970 በአዋጅ ጥበቃ እንዲደረግለት አዘዙ፤ በ1974 በተፈጥሮ ሞት ሞተ። በመኪና ከሞያሌ የመጣ እንግዳ የማርሳቢትን ተራራ ስላለፈ ነገሩ ይገባዋል።

ውስጥ ገብታችሁ የቱርካናውን ልጅ ሳታዩ አትውጡ። አንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ የሆነው የልጅ አጽም ነው። በ1984 በቱርካና ሐይቅ አጠገብ ያገኘው ካሞያ ኪሜው የሚባል ኬንያዊ ሲሆን፣ ብዙ ትምህርት ቤት ያልገባ፣ ዓይኑ ግን ከምሁራን የበለጠ ከአፈር አጥንት የሚለይ ሰው ነበር። እንግዳችሁ «እኛም ድንቅነሽ አለችን» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ እሷ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘች ሲሆን ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ልጁ ግን አንድ ነገር ይጨምርለት። የቱርካና ሐይቅ ውኃ አብዛኛው ከየት ይመጣል? ከኦሞ ወንዛችን ነው። ውኃው ፓስፖርት ሳይጠየቅ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ይወርዳል።

ከሰዓት በኋላ ካሩራ ደን ሂዱ። አንድ ሺህ ሔክታር ያህል የሚሆን ደን ከተማው መሃል መኖሩ ለእንግዳ እንግዳ ነገር ነው። ይህ ደን ለሕንጻ ሠሪዎች ሊከፋፈል ሲል ዋንጋሪ ማታይ የምትባል ሴት ከጓደኞቿ ጋር ችግኝ ይዛ ገባች፤ በ1999 እዚያው ተደብድባ ደሟ ፈሷል። በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት በመቀበል ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ደኑ ዛሬም አለ። ጉልበት ላለው ፏፏቴው ድረስ መሄድ፣ ለልጆች ብስክሌት ተከራይቶ መንዳት፣ ለአያት ደግሞ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ከቤት በፔርሙስ የመጣ ቡና መጠጣት ይቻላል።

ሦስተኛው ቀን የአራዊት ነው። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 የተከለለ የኬንያ የመጀመሪያው ፓርክ ነው፤ ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አንበሳ፣ አውራሪስ፣ ጎሽ፣ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያና ሰጎን አሉበት፤ ከጀርባቸው የከተማው ፎቆች ይታያሉ። የምትገቡት በጠዋት፣ በሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲከፈት ይሁን። ፀሐይ ከበረታ በኋላ አንበሳ ይተኛል። ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። አንበሳ አለማየትም ሊኖር ይችላልና ለእንግዳችሁ አስቀድማችሁ ቃል አትግቡ። ዝሆን በፓርኩ ሜዳ ላይ አይገኝም፤ ዝሆን የሚፈልግ በፓርኩ ዳር ወዳለው የሼልድሪክ የሙት ልጅ ዝሆኖች ማሳደጊያ ይሂድ። ለሕዝብ የሚከፈተው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው። እናታቸው የሞተችባቸው ትንንሽ ዝሆኖች ከጡጦ ወተት ሲጠጡ ያየች አያት ምን እንደምትል ልነግራችሁ አያስፈልግም። አቅምና ጊዜ ካለ ላንጋታ የቀጭኔዎች ማዕከል አለ፤ እዚያ ልጆች ቀጭኔን በእጃቸው ያበላሉ።

አሁን ወደ ሆድ ጉዳይ ልምጣ። እንጀራ በናይሮቢ እንደልብ ነው፤ ኢስትሊም ኪሊማኒም ሞልቷል። እንግዳው ግን ከሦስት ቀን ውስጥ ቢያንስ በሁለቱ የአገሬውን ምግብ ይቅመስ። ዋናው ንያማ ቾማ፣ ማለት የተጠበሰ ሥጋ ነው። ልኳንዳው ፊት ቆማችሁ የፍየሉን ሥጋ በኪሎ ትመርጣላችሁ፤ በከሰል ላይ እስኪበስል አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ተርባችሁ አትሂዱ። ተከትፎ በእንጨት ላይ ከጨው ጋር ይመጣል፤ ካቹምባሪ የሚባለው የሽንኩርትና የቲማቲም ሰላጣ ይጨመርለታል። ሐበሻ ሚጥሚጣውን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይዞ ቢመጣ ማንም አይቆጣም። ኡጋሊ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠንካራ ገንፎ ነው፤ በእጅ እየተጠቀለለ ይበላል። ከሱ ጋር የሚቀርበው ሱኩማ ዊኪ የእኛው ጎመን ነው። ስሙ «ሳምንቱን ግፋው» ማለት ነው፤ ደመወዝ እስኪደርስ የሚያዘልቅ የድሃ ወጥ ነውና። ይህን ስትነግሯቸው የቤት ወጪ የያዙ እናቶች ሁሉ ይስቃሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በናይሮቢ የሚሸጠው ሥጋ ብዙውን ጊዜ በሙስሊም አራጅ የታረደ ነው። ለሙስሊም እንግዳ መልካም ነው፤ ክርስቲያን አያትን ግን ምግቡ ከቀረበ በኋላ ሳይሆን ከቤት ሳትወጡ ጠይቋቸው። ሁለተኛ፣ ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ችግር የለም፤ ናይሮቢ ለጿሚ ምቹ ናት። በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለበት ጊዘሪ አለ፤ ቻፓቲ በቦሎቄ ወጥ አለ፤ የሕንዶቹ የድንች ባጅያ አለ፤ አቮካዶው ደግሞ የቅቤ ምትክ ነው። ጊዘሪን ያየ እንግዳ «ንፍሮ ነው እንዴ?» ይላል። ነው ማለት ይቻላል። ሻዩ ግን ከወተት ጋር አብሮ ስለሚፈላ ጿሚው ያለ ወተት ብሎ ይዘዝ። ሳምቡሳም ሲታዘዝ ውስጡ ሥጋ መሆን አለመሆኑ ይጠየቅ።

የባለሱቅ ነገር ሆኖብኝ ስለ ገንዘብም ልናገር። በፓርኩም በሙዚየሙም ለዜጋ፣ ለነዋሪና ለውጭ ጎብኚ ዋጋው የተለያየ ነው። እናንተ የነዋሪነት መታወቂያችሁን ካልያዛችሁ እንደ ውጭ ጎብኚ ትከፍላላችሁ። እንግዳው ግን በእናንተ መታወቂያ አይገባም፤ የሱን ዋጋ ቀድማችሁ ጠይቃችሁ በጀት ያዙ። ፓርኩ በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ክፍያው በስልክ ወይም በካርድ ነው። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ፓርኩን ትቶ በካሩራና በመሃል ከተማ በእግር ብቻ ሦስት ጥሩ ቀን ማሳለፍ ይችላል። የእንግዳ ክብር በቲኬት ዋጋ አይለካም።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት ልበል። ከአገር ቤት የመጣ ሰው መንገድ ሲሻገር በመጀመሪያ የሚያየው ወደ ግራ ነው። እዚህ መኪና የሚነዳው በግራ መስመር ስለሆነ ቅድሚያ የሚመጣው ከቀኝ በኩል ነው። የአያትን እጅ ልጁ ይያዝ። ስልክ በመንገድ ላይ በእጅ ይዞ መሄድ ይቅር፤ የተቃውሞ ሰልፍ በተጠራበት ቀን መሃል ከተማ አትሂዱ። በርበሬና ሽሮ የሚያመጡ ዘመዶቻችሁ ደግሞ በፌስታል እንዳይዙ ከመነሳታቸው በፊት ንገሯቸው። ኬንያ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት ከልክላለችና በጨርቅ ከረጢት ወይም በዕቃ ይሁን።

ሲሄዱ ምን ይያዙ ለምትሉኝ፣ ቡና እንዳትገዙላቸው አደራ! የኬንያ ሻይ ቅጠል ስጧቸው። ሻይ በዚህ አገር በ1903 ሊሙሩ ላይ ተተከለ፤ ዛሬ ኬንያ ጥቁር ሻይ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። ለእናቶች ጽሑፍ ያለበት ካንጋ ልብስ፣ ለልጆች የማሳይ ጨሌ ጥሩ ነው። በማሳይ ገበያ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም፤ በፈገግታ ተከራከሩ፣ ሻጯም ልጆች እንዳሏት ግን አትርሱ።

ወገኖቼ፣ ለምን ይህን ሁሉ እላለሁ? ከመካከላችን ለብዙ ዓመት ሻንጣ ሳንፈታ የኖርን አለን። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ጉዳያችን ዛሬ ነገ ያልቃል እያልን ናይሮቢን እንደ አውቶቡስ ማቆሚያ አየናት። አውቶቡስ ማቆሚያን ማንም አይጎበኝም። ልጆቻችን ግን እዚህ ተወልደዋል። ነገ በዓለም ዳር ቢሄዱም «የት ተወለድክ? የት ተወለድሽ?» ሲባሉ የሚመልሱት ናይሮቢ ብለው ነው። አያቶቻቸውን ይዘው የዞሩባት ከተማ ትሁንላቸው። አያትም አገር ቤት ተመልሰው ለጎረቤት ሲያወሩ «ቤታቸው ጥሩ ነው» ከማለት አልፈው «የልጄ ልጅ እጄን ይዞ አሻገረኝ፣ አንበሳ አሳየኝ» ይበሉ።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አቅርቤ ላብቃ። በየቤቱ ያሉ ልጆች ለእንግዳ የሚያሳዩትን አንድ ቦታ መርጠው፣ በሚችሉት አማርኛ አንድ ገጽ ይጻፉ፤ ወላጅ ያርምላቸው፤ ማኅበሩ ሰብስቦ ያባዛው። ከአገር ቤት ለሚመጣ ሁሉ ከሱቄ መደርደሪያ ላይ በነጻ እንዲወሰድ እኔ ቃል እገባለሁ።

 ፈጣሪ እንግዳ አያሳጣን፤ መልካም በዓል።